መከራን በትኬት

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ድሮ አገር ቤት ጉዱ በዓመት አንዴ ብቅ ይልና መስከረምም በወጉ ይጠባ ነበር። እዚህ ኮሎራዶ ከመጣሁ ወዲህ ግን ጉዱ በየሳምንቱ ስለሚደርስ፣ መስከረም የትኛውን ሰምቶ እንደሚጠባ ግራ ገብቶኛል።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሥራዬ ሁለት ነው፤ ዜና ማየትና ማማረር። ማየቱን ልጄ ፈቅዳልኛለች። ማማረሩን ግን «አባባ፣ ደም ግፊትዎ!» እያለች ታቋርጠኛለች። ቡና ቤት የማገኛቸው እኩዮቼም የየራሳቸውን ምሬት ይዘው ስለሚመጡ የእኔ ተራ አይደርስም። ስለዚህ ዛሬ የማማርረው ለእናንተ ነው። እናንተ አታቋርጡኝም።

የሚያበግነኝ ከፍሎ መከራ የሚገዛ ሰው ነው። ቤቱ ይሞቃል፣ ማቀዝቀዣው ሞልቷል፣ ጤናው ሙሉ ነው፣ ባንክ ያለው ገንዘቡ ወልዶ ተዋልዷል። ይህ ሁሉ ምቾት አላስተኛ ይለዋል። ተነሥቶ ትኬት ይቆርጥና አየር ወደሌለበት ተራራ፣ ብርሃን ወደማይደርስበት ባሕር፣ ካልሆነም እሳት ወደሚተፋ ጉድጓድ አፍ ይሄዳል። እዚያ ሲደርስ፣ ማንም እንደሚገምተው፣ ሊሞት ይደርሳል። ያን ጊዜ «ድረሱልኝ!» ይላል። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የተባለው ለእነዚህ ሰዎች ነው። መነኩሴው ግን ቢያንስ ቆቡን የሚሰፋው ራሱ ነው። የእነዚህን ቆብ የሚሰፋው ሌላ ሰው ነው፤ ያውም በሌሊት፣ ያውም በበረዶ።

ተራራ የማያውቅ ሰው ነው የሚያወራው እንዳትሉኝ። የተወለድኩት ስሜን ተራሮች ሥር ነው። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው፤ እኛ ከፍታውን የሰማነው ፈረንጆች መጥተው ከለኩት በኋላ ነው እንጂ ገደሉንስ ከጥጃ ጋር እየወጣንና እየወረድን ነው ያደግነው። ግን ለምክንያት ነበር። ፍየል ይጠፋል፣ ይወጣል። ታቦት ይነግሣል፣ ይወጣል። ጭቃ ሹሙ ግብር ሊሰበስብ ይመጣል፣ እጅግ በፍጥነት ይወጣል። ደብረ ዳሞም ቢሆን መነኮሳቱ በጠፍር የሚሳቡት ላይ ደብር ስላለ ነው። ያለ ጉዳይ ተራራ ጫፍ ላይ የተገኘ ሰው «ምን ልታደርግ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ «ተራራው ስላለ» ብሎ የመለሰ ቢኖር ዘመዶቹ ጠበል ይወስዱት ነበር።

ይህን መልስ የመለሰ ሰው ግን አለ። ጆርጅ ማሎሪ የሚባል እንግሊዛዊ በ1923 ኤቨረስትን ለምን መውጣት እንደፈለገ ጋዜጠኛ ሲጠይቀው «እዚያ ስላለ ነው» አለ ተብሎ ተጻፈለት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው፤ ጉዱ የእነሱ ነውና።) በዓመቱ፣ በ1924፣ እዚያው ቀረ። አስከሬኑ የተገኘው በ1999 ነው። እንግዲህ ይህ ሰው ነው ለዘመኑ ሁሉ አርአያ የሆነው!

ቆይቶ ቱሪስቶቹ ወደ እኛም መጡ። ስሜን በ1978 የዓለም ቅርስ ሆኖ ከተመዘገበ በኋላማ ስሙ ገነነ። እንግዳው ለሁለት ሰው ዓመት ቀለብ የሚበቃ ዋጋ ያለው ጫማ አድርጎ ከኋላ ያለከልካል። ከፊቱ ስካውቱ፣ በላስቲክ ጫማ፣ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ክላሹን አንግቶ፣ ትንፋሹ ሳይቆራረጥ ይሄዳል። ከኋላ ደግሞ እንግዳው ቢደክመው የምትሸከመው በቅሎ ትከተላለች። ያኔ ይህን አይቼ ስቄ ነበር። ነገሩ እስከ የት እንደሚሄድ ባውቅ አልስቅም ነበር።

እስከ ባሕር ሥር ሄደ! ታይታኒክ በ1912 1,500 ያህል ሰው ይዛ የሰጠመች መርከብ ናት። ሰሜን አትላንቲክ ውስጥ 3,800 ሜትር ግድም ጥልቀት ላይ ተኝታለች። መቃብር ናት፤ እኛ መቃብር የምንሄደው ዘመድ ሲኖረን ነው። ኦሽንጌት የሚባል ድርጅት ግን ከሰው 250,000 ዶላር እየተቀበለ በትንሽ ሰርጓጅ ሊያሳያት ተነሣ። ሰርጓጇ፣ ታይታን፣ የምትነዳው ልጆች በቴሌቪዥን ጨዋታ በሚጫወቱበት መቆጣጠሪያ ነበር። የልጅ ልጄ ያንኑ የመሰለ አለው፤ ሶፋ ላይ ተቀምጦ እንኳ መኪናውን ሲገለብጥበት ይውላል። አካሏ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ሆኖ ገለልተኛ መርማሪ ያረጋገጠው አልነበረም። በ2018 የድርጅቱ ሠራተኛ አደጋ አለው ብሎ ቢያስጠነቅቅ ተባረረ። በዚያው ዓመት ከ30 በላይ የሙያው ሰዎች ስጋታቸውን በደብዳቤ አሰሙ። ሰሚ አልተገኘም።

አስቀድሞ የተሳፈረ አንድ ሰው እንደተናገረው፣ ተጓዡ የሚፈርመው ውል ገና በመጀመሪያ ገጹ ሞትን ሦስት ጊዜ ያነሳል። እናንተዬ፣ የእኛ ዕድር ሥራው ቀብር ነው፤ የእኛ ዕድር መተዳደሪያ ደንብ እንኳ በመጀመሪያው ገጽ ሞትን ሦስት ጊዜ አያነሳም!

ጁን 18 ቀን 2023 አምስት ሰዎች ገቡባት። የድርጅቱ መሪ ራሱ ነጂ ሆኖ ገብቷል፤ ይህን አከብርለታለሁ፣ ሻጭ የሚሸጠውን ራሱ ሲቀምስ ብዙ ጊዜ አይታይም። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ፓኪስታናዊ ባለሀብት የ19 ዓመት ልጁን ይዞ ነበር። ስለ ልጁ አልቀልድም። ከጠለቁ ከአንድ ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ በኋላ ድምፃቸው ጠፋ። ለ96 ሰዓት የሚበቃ ኦክስጅን አላቸው ተባለ፤ የዜና ጣቢያዎቹም ሰዓቱን ወደ ኋላ መቁጠር ጀመሩ። የአሜሪካና የካናዳ አውሮፕላኖች ውኃውን አሰሱ። የፈረንሳይ የምርምር መርከብ የራሱን ሥራ አቋርጦ 6,000 ሜትር የሚወርድ ሮቦቱን ይዞ ደረሰ። ፍርስራሿ በጁን 22 ከታይታኒክ የፊት አካል 500 ሜትር ያህል ርቆ ተገኘ። ለካ የአሜሪካ የባሕር ኃይል ጆሮዎች መጨፍለቋን በዕለቱ ሰምተው ኖሯል። የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ በ2025 ባወጣው ሪፖርት አደጋው ሊቀር ይችል እንደነበር አስታወቀ፤ ሠራተኛው በ2018 የነገራቸውን ማለት ነው። ለፍለጋው ማንም ሂሳብ አልተጠየቀም፤ የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ በሕጉ መሠረት ነፍስ አድኖ አያስከፍልም።

እሺ። እስከዚህ ድረስ ዝም ብዬ አየሁ። ግን በዚያው ሳምንት፣ አራት ቀን ቀደም ብሎ፣ አድሪያና የምትባል አሮጌ የዓሣ ጀልባ ከግሪክ ፒሎስ ማዶ ሰጥማ ነበር። 750 ያህል ሰው ተጭኖባታል። የተረፉት 104 ናቸው፤ የተገኘው አስከሬን 82 ነው። የቀሩት፣ ሴቶቹና ሕፃናቱ ጭምር፣ ባሕር ውስጥ ቀሩ። ጀልባዋ ባሕር ላይ የጠፋች አልነበረችም። የአውሮፓ አውሮፕላን ከሰማይ ፎቶ አንስቷታል፤ የግሪክ የባሕር ዳርቻ ጥበቃም ለሰዓታት ሲያያት ነበር። ከተሳፋሪዎቿ ብዙዎቹ ፓኪስታናውያን ነበሩ። እነሱም ትኬት ከፍለዋል፤ መሬት ሸጠው፣ ተበድረው። በአንድ ሳምንት፣ ከአንድ አገር የወጡ ሁለት ዓይነት ተሳፋሪዎች። የአንደኛውን ኦክስጅን ዓለም በደቂቃ ቆጠረለት፤ የሁለተኛውን ቁጥር «ገደማ» ብሎ አለፈው።

ይህ የሚያንገበግበኝ የእኛም ልጆች የሚሄዱት በዚያው ዓይነት ጀልባ ስለሆነ ነው። ኦገስት 2025 በየመን አብያን ዳርቻ የሰጠመችው ጀልባ ተሳፋሪዎቿ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ ከ60 በላይ ሰው አለቀ። 6,000 ሜትር የሚወርድ ሮቦት ሊፈልጋቸው ሄደ ሲባል አልሰማሁም። ሀብታሞቹ ለምን ተፈለጉ አላልኩም፤ መፈለጋቸው ትክክል ነው። መርከብና አውሮፕላን በአንድ ጀምበር መነሣት እንደሚችል ግን በዓይናችን አይተናል። አሁን «አቅም የለንም» የሚለኝ ካለ፣ ዕድሜዬን ያክብር።

እኔም በደርግ ጊዜ ሱዳን የገባሁት በእግሬ ነው። ሌሊት እየተጓዝን፣ ቀን ቁጥቋጦ ሥር እየተኛን፣ በዚያ በመተማ ሙቀት። ይህን አንድ ቀን ለልጅ ልጄ ብነግረው ዓይኑ በራ። «አባባ፣ ይኼን መንገድ እኮ ዛሬ ቢያዘጋጁት ሰው ከፍሎ ይሄደዋል! ፎቶ አለዎት?» አለኝ። ፎቶ! ያን ጊዜ ፎቶ የሚያነሳን ቢገኝ መንግሥት ነበር የሚሆነው። ግን ሐሳቡን አልጠላሁትም፤ ቁጭ ብዬ ዋጋ አወጣሁለት። ውኃ ጥም ከነምላስ መድረቅ፣ 5,000 ዶላር። የጅብ ድምፅ በቅርብ ርቀት፣ 3,000። ሽፍታ፣ በስምምነት። የሚደንቀው ልጁ አልሳቀም፤ ስልኩን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ።

ወደ ኤቨረስት ልመለስ፤ ትልቁ ገበያ እዚያ ነው። ቁመቱ 8,849 ሜትር ነው። ከ8,000 በላይ ያለውን «የሞት ቀጠና» ይሉታል፤ ስሙን ያወጣው የማስታወቂያ ክፍል እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ኔፓል ለፈቃዱ ብቻ 11,000 ዶላር ታስከፍል ነበር፤ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ 15,000 አድርጋዋለች። መሪው፣ ድንኳኑ፣ ኦክስጅኑ ሲጨመር ከ40,000 እስከ 100,000 ዶላር፣ ከዚያም በላይ ይሄዳል። በሜይ 2019 የተነሳ አንድ ፎቶ አለ፤ ከጫፉ በታች በጠባቡ ጠርዝ ላይ ሰው በሰው ላይ ተደርድሮ ቆሟል። ልክ የደርግ ዘመን የቀበሌ ስኳር ሰልፍ። እኛ እንኳ ስንሰለፍ ኦክስጅን ነበረን፤ መጨረሻውም ላይ ስኳር ነበር። በዚያ የጸደይ ወቅት ኤቨረስት ላይ 11 ሰው ሞተ።

ሰልፈኛውን ወደዚያ ያደረሰው ማን ነው? ሸርፓ የሚባለው የኔፓል ተራራ ሰው ነው። ገመዱን የሚዘረጋው እሱ፣ በበረዶው ስንጥቅ ላይ መሰላል የሚያጋድመው እሱ፣ ድንኳንና ኦክስጅን የሚሸከመው እሱ። ኩምቡ የሚሉትን የሚናድ የበረዶ ፏፏቴ ደንበኛው ጥቂት ጊዜ ያልፈዋል፤ ሸርፓው ጭነቱን ይዞ ደጋግሞ ይመላለስበታል። አፕሪል 18 ቀን 2014 በረዶ ተንዶ እዚያ 16 የኔፓል ሠራተኞችን ገደለ። ከሞቱት መካከል አንድም ተራራ ወጪ ደንበኛ አልነበረም፤ ሁሉም የሌላውን ጓዝ የሚያመላልሱ ነበሩ። መንግሥት ለየቤተሰቡ ለቀብር ብሎ መጀመሪያ ያቀረበው 40,000 ሩፒ ነው፤ ያን ጊዜ 400 ዶላር ገደማ። የደንበኛውን አንድ ጥንድ ጫማ አይገዛም። ሸርፓዎቹ ተቆጥተው ሥራ አቆሙ፤ በደቡቡ በኩል የዚያ ዓመት ጉዞ ከሞላ ጎደል ተሰረዘ። አበጁ!

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚባለውን ተረት እዚያ ላይ ነው በደንብ የምታዩት። ብዙ ሺህ ዶላር የከፈለ፣ ዓመታት የተዘጋጀ ሰው፣ ጫፉ ከፊቱ እየታየው «ተመለስ» ቢሉት አይሰማም። የባሰው ግን በሌላው ላይ የሚያደርገው ነው። በ2006 አንድ እንግሊዛዊ ከጫፉ በታች ዋሻ ውስጥ በብርድ ሲያጣጥር 40 የሚደርሱ ተራራ ወጪዎች በአጠገቡ አልፈዋል ተብሏል። ጥቂቶቹ ሊረዱት ሞክረዋል፤ ጥቂቶቹ የሞተ መስሏቸዋል። ከዚያ ከፍታ ሰው ማውረድ ራስን መግደል ሊሆን እንደሚችል ተነግሮኝ ገብቶኛል። ግን ቁልቁል ለማውረድ ያነሰው ጉልበት ሽቅብ ለመውጣት እንዴት በቃ? ይህን ጥያቄ የመለሰልኝ አልተገኘም።

በጉልበቱ የመለሰው አንድ ሸርፓ ነው። በሜይ 2023 ገልጄ ሸርፓ አንድ ቻይናዊ ደንበኛ ይዞ ወደ ጫፉ ሲወጣ፣ በሞት ቀጠናው ውስጥ ገመድ ይዞ የሚንቀጠቀጥ አንድ የማሌዥያ ሰው አገኘ። ደንበኛውን አግባብቶ ጉዞውን አስቀረና ሰውየውን በፍራሽ ጠቅልሎ፣ ከሌላ ሸርፓ ጋር እየተቀያየረ በጀርባው እያዘለ፣ በጠፍጣፋው በረዶ ላይ እየጎተተ ለሰዓታት አወረደው። ከታች ሄሊኮፕተር ወሰደው። ገዳም ገብቶ ከመጸለይ ነፍስ ማዳን ይበልጣል ብሎ ተናገረ፤ እሱ የቡድሃ እምነት ተከታይ ነው፣ ግን የእኛም አባቶች ቢሰሙት ራሳቸውን የሚነቀንቁ ይመስለኛል። ያን ቻይናዊም አመሰግነዋለሁ፤ ከፍሎ፣ ደርሶ፣ ትቶ የወረደ ሰው ነው። የዳነው ሰውዬ ደግሞ አገሩ ገብቶ ምስጋና ሲጽፍ መጀመሪያ ያመሰገነው ስፖንሰሮቹንና ኢንሹራንሱን ነበር። ሰው ሁሉ ሲጮህበት ነው የተሸከመውን ሰው ስም ያነሳው። እኔ በበኩሌ፣ አንድ ሰው በጀርባው አዝሎኝ ለሰዓታት በበረዶ ቢወርድ፣ የክርስትና ስሙን ጠይቄ በየወሩ ጸበል ጸዲቅ አደርግለት ነበር።

ነፍስ ማዳንም ንግድ ይሆናል። በ2018 የኔፓል መንግሥት የሄሊኮፕተር ማጭበርበርን መርምሮ ነበር። ራስ ምታት የያዘውን ቱሪስት «ልትሞት ነው» እያሉ በሄሊኮፕተር ያወርዱና ሂሳቡን ከኢንሹራንሱ ያወራርዳሉ። አንዳንድ መሪዎችማ ሆዱን እንዲያሳምመው ምግቡ ውስጥ ሶዳ ይጨምሩበታል ተብሎ ተዘገበ። ሰውየው ከፍሎ ይታመማል፣ ታሞ ይከፈልበታል። ጎመን በጤና ያሉት አባቶቻችን ይህን አስቀድመው አይተውት ኖሯል።

የእኛም አገር ከዚህ ገበያ አላመለጠችም። ኤርታሌ የሚፈላ ድንጋይ ለማየት የሚሄደው ቱሪስት በጃንዋሪ 2012 ጥቃት ደርሶበት አምስት የውጭ ዜጎች ተገድለዋል፤ ሌሎች ታፍነው ተወስደዋል። ከዚያ ወዲህ እንግዳው የሚሄደው በታጣቂ ታጅቦ ነው። እንግዳው ሙቀቱን መርጦ፣ ከፍሎ፣ ፎቶውን ይዞ ይመለሳል። ጠብመንጃ ይዞ ለፎቶው ዘብ የሚቆመውን ልጅ ግን ማንም አላማከረውም።

አሁን ወደ ሰፈሬ። ኮሎራዶ ከ4,267 ሜትር በላይ የሆኑ ከ50 በላይ ጫፎች አሏት፤ ሰዉ ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እነሱን እየቆጠረ ይወጣል። የኛም ልጆች ጀምረዋል። ለቅዳሴ አልነሣ ያለ ልጅ ለተራራ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይነሣል!

በኦገስት 2024 አሥራ አምስት የመሥሪያ ቤት ባልደረቦች «መቀራረብን ለማጠንከር» ሻቫኖ የሚባል ተራራ ወጡ። አንዱ ከኋላ ቀርቶ ብቻውን ጫፍ ደረሰ። ሲመለስ መንገድ እንዲጠቁሙ በድንጋዮቹ መካከል የተቀመጡትን ምልክቶች ከፊቱ የወረዱት ባልደረቦቹ ሰብስበዋቸዋል። ጠፋ። ሌሊቱን በማዕበል ውስጥ እየወደቀ እየተነሣ አድሮ በማግሥቱ ነፍስ አድኖች አገኙት። መቀራረብ ማለት ይሄ ከሆነ መራራቅ ምን ሊሆን ነው? እኛ በሥራ ዘመናችን ለመቀራረብ ክትፎ ነበር የምንበላው፤ አንድም ሰው አልጠፋብንም፣ ሂሳብ ሲመጣ ከሚጠፉት በቀር።

የሁሉም ቁንጮ ግን በኦክቶበር 2021 የሆነው ነው። ኤልበርት፣ 4,401 ሜትር፣ የኮሎራዶ ረጅሙ። አንድ ሰው ጠዋት ወጥቶ ማታ ሳይመለስ ቀረ። አምስት ነፍስ አድኖች ሌሊቱን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፈለጉት። ሲነጋ ሌላ ቡድን ወጣ። ስልኩ ላይ ደወሉ፤ ደጋግመው ደወሉ። አያነሳም። ሰውየው በማግሥቱ ጠዋት በራሱ እግር ማረፊያው ገባ። ለምን ስልክ አላነሳህም? ቁጥሩን ስለማላውቀው!

ይህን ስሰማ ልጄ ደም ግፊቴን ለካችው።

እዚህ ያሉት ነፍስ አድኖች በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በኮሎራዶ ከ2,500 በላይ ይሆናሉ። ነርስ፣ አስተማሪ፣ ቧንቧ ሠሪ፤ ከአልጋው ተነሥቶ፣ በራሱ ነዳጅ፣ በራሱ ገመድ ይሄዳል። ከዳነው ሰው ሳንቲም አይቀበሉም። «አስከፍሏቸው እንጂ!» ብዬ ከአንዱ ጋር ተሟግቻለሁ። እንደሚከፍል ያወቀ ሰው መደወሉን ያዘገያል፤ እስኪጨልም፣ እስኪዘንብ፣ እግሩ እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ ያን ጊዜ ፍለጋው ለእኛም ለእሱም የባሰ አደጋ ይሆናል አለኝ። መልስ አጣሁለት። መልስ ማጣት ደግሞ አልወድም።

ሌሎች ግዛቶችና አገሮች የተለያየ ነገር ሞክረዋል። ኒው ሃምፕሸር በግዴለሽነት ለጠፋ ሰው የፍለጋውን ሂሳብ ትልክለታለች፤ አስቀድሞ 25 ዶላር ከፍሎ ካርድ የያዘውን ግን ትምረዋለች። ከሁሉ ልቤን የሰረቀው ሞንት ብላንክ ሥር ያለችው የሴን ዤርቬ ከተማ ከንቲባ ነው። በ2022 የበጋው ሙቀት ተራራውን አፍርሶት ድንጋይ ሲዘንብ፣ ማስጠንቀቂያ እየተነገራቸው የሚወጡት አልቆም ሲሉት፣ እያንዳንዱ ተራራ ወጪ 15,000 ዩሮ እንዲያሲዝ ሐሳብ አቀረበ፤ 10,000ው ለነፍስ አድን፣ 5,000ው ለቀብር። ሒሳብ ማለት ይህ ነው! ሐሳቡ ሕግ ሳይሆን ቀረ። እኔ ግን ይህ ሰው ለዕድራችን ገንዘብ ያዥነት ቢወዳደር ሁለት እጄን አውጥቼ እመርጠዋለሁ።

አጉረምርሜ አጉረምርሜ ደርሼ የቆምኩበት ይህ ነው። በእኛ አገር ኡኡታ ሲሰማ ሰው ዱላውን ይዞ ይወጣል፤ ጯሂው ሌባ ይሁን፣ ሰካራም ይሁን፣ ባለዕዳ ይሁን አይጠይቅም። ወጥቶ ያልደረሰ ጎረቤት ነው የሚወቀሰው። ስለዚህ ገደል የገባው ሞኝም ይውጣ፤ ሀብታምም ይሁን። መጀመሪያ ይውጣ፣ ብርድ ልብስ ይልበስ፣ ሾርባ ይጠጣ። ከዚያ ይሰደብ። ስድቡን በነጻ የምሰጥ ሰው እዚህ አለሁ።

ከጠፊው ይልቅ ጥርሴን የምነክሰው በሻጩ ላይ ነው። አደጋን በማስታወቂያ የሚሸጥ ድርጅት የፍለጋውን ዋስትና አስቀድሞ ያስይዝ። ደንበኛው ቁርሱን ከመብላቱ በፊት የተሸካሚው ኢንሹራንስ ይከፈል፤ ያውም የልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያስጨርስ እንጂ አንድ ጥንድ ጫማ የማይገዛ አይሁን። ለሰርጓጇ የተነሣው መርከብም ለጀልባዋ ይነሣ። ይህ ሳይሆን ስለ ጀግንነት የሚያወራኝ ተራራ ወጪ ቤቴ አይምጣ።

ለእናንተ ለኮሎራዶ ልጆች፣ ለልጅ ልጄና ለጓደኞቹ ደግሞ እንዲህ እላለሁ። አትሂዱ ብላችሁም እንደምትሄዱ አውቃለሁ። እንግዲያው በጠዋት ውጡ፤ ከሰዓት በኋላ መብረቅ አለ። ወዴት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለእናታችሁ ንገሩ። ከኋላ የቀረውን ጠብቁ። ኮርሳር የሚባለውን ካርድ ግዙ፤ ለዓመት 5 ዶላር ነው፣ ከቡናችሁ ያነሰ። ኢንሹራንስ አይደለም፤ የሚወጡላችሁን ሰዎች ወጪ መሸፈኛ ነው። መሽቶባችሁ፣ መንገድ ጠፍቶባችሁ ሳለ ደግሞ ከማታውቁት ቁጥር ቢደወልላችሁ፣ እባካችሁ አንሱት።